«ሰሞን ሩቅ ነው ወይ?»

ይህን የምጽፈው ልጅ አልመጣ ብሏት ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ለምትንከራተት እህቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ገብቼ ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቤት ቀረሁ። አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። የሐኪም ነገር የማውቀውም በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

የምኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነው። ባሌ ቄስ ሞላ ይባላል። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው የጓዳችንን ነገር ስለሆነ እንደ ጓዳችን «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የተጋባነው ኢህአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው፤ ያኔ ዲያቆን ነበር። በቁርባን ተጋባን፤ ወዲያው ቀሰሰ። የቁርባን ጋብቻ ለቄስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ቄስ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ካገባ ክህነቱ ፈረሰ ማለት ነው፤ መስቀሉን ያስቀምጣል፤ መቅደስ አይገባም። ስንጋባ ይህ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ማን ይፈታኛል ብዬ ነዋ። ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ግን ሁለታችን ገብተንበት ሁለታችንም መውጫው የጠፋን ቤት ሆነብኝ።

መጀመሪያ ሕመም የሚባል አልነበረኝም። የወር አበባዬ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ አያሳልፍም፤ አያዛንፍም። የሰፈሩ ሴቶች ሲቀኑብኝ «አንች እኮ ሰዓት ነሽ» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ዝም አልን። በሦስተኛው አማቴ እማማ የሺ ዝም ማለቱ ሰለቻቸው። ሰው በተሰበሰበበት፣ እየሳቁ፣ «አንች ልጅ፣ ጎተራውን ታጎድያለሽ እንጂ ሆድሽ ምነው አልሞላ አለ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ከበረት ጀርባ ቆምኩ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ከነፍሰ ጡሮች መሐል ነው የሚያስቀምጡን፤ ተራ እስኪደርሰኝ የሰው ሆድ ስቆጥር እውላለሁ። «ኢንፌክሽን አለሽ» አሉኝ፤ ውስጥሽ ቆስሏል እንደ ማለት ነው። እንክብል ሰጡኝ፤ ጨረስኩት። ሌላ ጊዜ ስሄድ ሌላ ሰው አገኘሁ፤ እሱም እንክብል ሰጠኝ። ጠበል ገባሁ። ከጠበሉ መልስ «ሆድ ታሻለች» ወደምትባል ሴት ወሰዱኝ። እጇን ቅቤ ቀብታ ሆዴን ስትጫን፣ «ማህፀንሽ ዞሯል፤ ፊቱን ወደ ጀርባ አድርጓል፤ እመልሰዋለሁ» አለችኝ። ሦስት ቀን ቀጥ ብዬ መሄድ አቃተኝ። መለሰችው አልመለሰችው እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ነው ደሴ የተጀመረው።

ያኔ መንገዱ እንዲህ አልነበረም። በአይሱዙ ከጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ በአቀስታ አድርገን፣ የጉጉፍቱን ብርድ እየተነከስን ነው የምንደርሰው። ሁልጊዜ አብራኝ የምትሄደው ጎረቤቴ ሰዓዳ ነበረች። ሰዓዳ ጅዳ ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ከተማ አያስፈራትም፤ አፏም አያርፍም። መኪናው ሲያንገጫግጨን፣ «አብሽሪ እቴ፣ ማህፀንሽ ዞሮ ከሆነ ይኼ መንገድ ራሱ ያቃናዋል» ትለኛለች። እያለቀስኩ ታስቀኛለች።

የግል ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም አንድ ነን፤ ልጅ ፈላጊ። አንዷ ጎኔ የተቀመጠች ሴት ብርቱካኗን ልጣ ግማሹን እየሰጠችኝ፣ «አንችስ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። ዕድሜዬን ነገርኳት። «አይ፣ እሱን አይደለም። ከተጋባሽ?» እዚያ ዕድሜ የሚቆጠረው እንደዚያ ነው። የሷ አሥራ አንድ ነበር። ያን ብርቱካን እስካሁን አልረሳውም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን አድርገሽ ነው ሳይለኝ ያጎረሰኝ ሰው ጥቂት ነው።

ሐኪሙ ቀለም የመሰለ ነገር በታች በኩል ጨምረው ራጅ አነሡኝ። ልጅ የሚያልፍበት ቱቦ ክፍት መሆኑን ማያ ነው። ሲገባ ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ድረስ ወጣ። «አንዱ ተዘግቷል» አሉኝ። ለዚህ ስንል በቅሏችን ተሸጠች። በቅሎ ለገጠር ቄስ ምን እንደሆነች አገሬ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሞላ ለክርስትናውም ለፍትሐቱም በእግሩ ነው የሄደው። ሌላ ዘመን ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ያው ራጅ ተነሣ፤ «ክፍት ነው፤ ማን ነው ዘጋ ያለሽ?» አሉኝ። ለዚያኛው ደግሞ ባሕር ዛፉ ተቆረጠ። እርሻችንን ለእኩል ሰጠነው። ሰዓዳም ከጅዳ ካመጣችው አበደረችኝ። ሳልመልስላት ስቀር አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም፤ እኔ ግን ቤቷ ስገባ ዓይኔ መሬት መሬት ይል ነበር።

ሁሉም ሐኪሞች ይጠይቁኛል፤ «ባልሽ ምን ይሠራል?» «ቄስ ነው» እላለሁ። «ይባርኩን» ይሉና ወደ መዝገባቸው ይመለሳሉ። በዚያ ያበቃል።

አንደኛው ግን «ባልሽም ይመርመር፤ ዘሩ መታየት አለበት» አሉኝ። እኔ ሞኝ እንደሰማሁት ቤት ገብቼ እማማ የሺ ፊት ተናገርኩት።

«የምን ዘር?» አሉኝ።

«የሱን ዘር ይመርመር ብለዋል፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አንሥተው ቆሙ። «የልጄን ዘር? እኛን? ዘራችን ተመርምሮ፣ ተጣርቶ፣ ታውቆ አይደል እንዴ ለመቅደስ የበቃው! ይልቅ የመጣሽበት ቤት ይመርመር! ማን ያውቃል የናንተን አጥንት!»

አልገባቸውም እኮ። ዘር ሲባል ትውልዳቸውን፣ አጥንታቸውን ተጠራጥሬ የሐኪም ዳኛ ያመጣሁባቸው ነው የመሰላቸው። ዘመድ ሁሉ ሰማ። እናቴ ድረስ ሽማግሌ ሄደ። ማታ ለሞላ ጉዳዩን ለብቻው ሳስረዳው ደግሞ ሌላ መጣ።

«በምንድን ነው የሚያዩት?» አለኝ።

«በዕቃ ተቀብለው ነው አሉ።»

«እንዲህ ያለውን ነገር በዕቃ አፍስሶ የሚሰጥ ቄስ አላውቅም፤ ኃጢአት ነው» አለኝ። አላስገደድኩትም። እኔ ሴቷ ስለሆንኩ እኔው ልመርመር፤ እኔው ልወጋ አልኩ።

በመጨረሻ የሄድኩበት ሐኪም «ማህፀንሽን እንጥረገው» አለኝ። ተጠረግሁ። ስመለስ አይሱዙው ላይ ትኩሳት እንደ እሳት ነደደብኝ፤ አቀስታ ላይ ሰዓዳ ነጠላዋን ውኃ ነክራ ግንባሬ ላይ አደረገች። በሌላ መኪና መልሰው ደሴ ወሰዱኝ። ሆስፒታል ተኛሁ። ውስጤ መግል ይዞ ነበር። ጎኔ ያለችው በሽተኛ ሌሊት ስታቃስት እየሰማሁ፣ ልጅ ፍለጋ መጥቼ እኔው ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። እህቴ፣ ይህን ልብ በይ፤ ለምን እንደሚጠርግሽ የማይነግርሽ ሰው ጋ አልጋ ላይ አትውጪ።

ድኜ ስመለስ ቤቱ ተለውጦ ጠበቀኝ። እማማ የሺ ከከላላ ገበያ መጥተዋል። ከላላ ላይ አንዲት ልጅ አይተዋል፤ ደግ ቤት፣ ደግ ልጅ። ይህን የነገሩኝ እኔኑ ነው፤ ገንፎ እያበሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ገንፎውን ያበሉኝ አዝነው ነው። «ልጄ፣ አልጠላሁሽም» አሉኝ። «ግን አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ክህነቱን ያስቀምጥና ይውለድ፤ ሽማግሌ ሲሆን ይመንኩስ። እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ ብዬዋለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ግን አልታገሥም።»

ወደ ሞላ ዞሬ አየሁት። የሚጠግነውን የማረሻ ድግር እያገላበጠ ነበር። ቀና አላለም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰዓዳ መጣች። ደሴ አንዲት ሴት ሐኪም መጥታለች፣ ከደቡብ ናት፣ ታዳምጣለች አሉ አለችኝ። «የምከፍለው የለኝም» አልኳት። «ለማዳመጥ አታስከፍልም፤ ተነሽ» አለችኝ።

ልጅ እግር ናት፤ ግን ዶክተር ናትና አንቱ አልኳት። የተከማቸውን ራጄን አየችና ወደ ጎን አደረገችው። «እስኪ ስለ ወር አበባሽ ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ከግድግዳ ላይ ካላንደር አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሴት በወሩ ሁሉ አታረግዝም፤ እንቁላሏ በወር አንዴ ነው የሚወርደው፤ ደምሽ ከታየበት ቀን ተነሥተሽ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

«በእነዚህ ቀናት ከባለቤትሽ ጋር ትገናኛላችሁ?»

አፈርኩ። «ኧረ በነዚያ ቀናትማ እሱ ቤት የለም» አልኳት።

«የት ይሄዳል?»

«ሰሞን ይገባል።»

«ሰሞን የት ነው? ሩቅ ነው ወይ?»

ሳቄ አመለጠኝ። አገር መስሏታል። ሰዓዳ እንኳ እስላም ሆና ሰሞን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አፏን በሻሿ ይዛ ተንፈቀፈቀች። «አይ ዶክተር፣ አገር አይደለም» አልኳት። «የኛ ደብር ቄሶች አራት ምድብ ናቸው፤ እያንዳንዱ ምድብ በተራው አንድ አንድ ሳምንት ይቀድሳል፤ ኪዳን ያደርሳል። ሰሞን የሚባለው ያ ሳምንት ነው። ሰሞነኛ የሆነ ቄስ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ከመግባቱ በፊትም ራሱን ይጠብቃል፤ ሴት አይቀርብም።»

እሷ አልሳቀችም። «ከመግባቱ ስንት ቀን በፊት?»

«ሦስት ቀን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ እኔ በአበባዬ ነኝ። ሰባት ቀን አይነካኝም፤ ሕግ ነው።»

«ሰሞኑ ሲያልቅስ?»

«ያኔ ይመጣል።»

ብዕሯን ካላንደሩ ላይ አሳረፈች። አራት ምድብ፣ አራት ሳምንት። የኔም ወር አራት ሳምንት፤ ሰዓት ነሽ የተባልኩት እኔ! ሰሞኑ በመጣ ቁጥር የኔም ቀን አብሮ ይመጣል፤ እሱ ሲወጣ የኔ ቀን አልፏል። «ቀኑ ትንሽ ፈቀቅ የሚልበት ጊዜ አልነበረም?» አለችኝ። ነበረ። ፈቀቅ ሲል ግን ወይ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፤ ወይ ፍልሰታ ላይ፤ ወይ ረቡዕና ዓርብ ላይ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቀሰሰ ጀምሮ» አልኳት። ያኔ ሳቄ ጠፋ። ሰዓዳም ሻሿን ከአፏ አወረደች።

ሐኪሟ፣ «ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፤ ቃል አልገባልሽም። መጀመሪያ ግን ይህን ቀይሩ። ግማሽ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ እሱም የግድ ይመረመራል» አለችኝ። የከፈልኩት ካርድ የሚወጣበትን ብቻ ነው። በቅሎዬ ትዝ አለችኝ።

ደስ ብሎኝ የተመለስኩ እንዳይመስላችሁ። በሽታ ቢሆን መድኃኒት ይኖረዋል። ሰሞንን ማን ያክመዋል? ለሞላ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ታቦት ማገልገሌ ነው በሽታሽ?» አለኝ። «ተራዬን ቀይሩልኝ ብል ለምን ይሉኛል። ምን ልበል? አልጋዬን አውጥቼ በቀሳውስት ፊት ላንጥፈው?» እውነቱን ነው። ቄስ ያለ ምክንያት ሰሞኑን ከሸሸ አንድ ነገር ነክቶታል፤ ረክሷል ነው የሚባለው። ከላላ ያለችው ልጅ ደግሞ እየጠበቀች ነው። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው ትንሽ ነው፤ ሁዳዴ ከገባ እስከ ፋሲካ ሁሉ ነገር ዝግ ነው። ከፋሲካ ወዲያ የእማማ የሺ ቀን ነው። በየት በኩል ልውጣ? የምሾልክበት ቀዳዳ አጣሁ።

እኔው ሄድኩ። የደብሩ ገበዝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ቄስ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ።

«አባ፣ የቄስ ሞላ ሰሞን ወደ ሌላ ምድብ ይዛወርልኝ።»

«እሱ ላከሽ?»

«አልላከኝም።»

«ታዲያ አንች ምን ቤት ነሽ?»

«አሞኝ ነው፣ አባ።»

«አንችን ቢያምሽ የሱ ሰሞን ምን አደረገሽ?»

ምን ልበል። «ሐኪም ቀን ቆጥራ ሰጥታኝ...» ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ብትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። ድንገት ማሽከርከሩን ተዉት።

«ሁልጊዜ ነው?» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«ሁልጊዜ ነው፣ አባ።»

«ወይ አምላኬ» አሉ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሰሞነኛው እሱ በሆነ ቁጥር ለሚስቱ ልጅ ስጥ እያልን ስንጸልይ! በሩን የዘጋነው እኛ ነና!» ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «ሂጂ ወደ ቤትሽ። እኔ ጋ አልመጣሽም» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ «ምድቡን ላሸጋሽገው ፈልጌያለሁ» ብለው ብቻ አወጁ። ምክንያት አልተናገሩም። ወሬ ግን መውጣቱ አልቀረም፤ ቄስ ሞላ ምን አገኘው ተባለ። ሞላ እኔ መሄዴን ዐወቀ፤ ለቀናት አላናገረኝም። ሰሞን መግባት በነበረበት ሳምንት ግን ሳይመሽ ቤት መጣ። መደቡ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ቤት ውሎ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። እራት አቀረብኩ፤ በላ። እኔም ፈርቼ ነበር። ጸሎት አድርጎ መጣ።

ያን ወር አልሆነም። ደሜን ሳይ ጓዳ ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁዳዴ ገባ። አምሳ አምስቱን ቀን በሙሉ ከላላ፣ ከላላ እያልኩ ጾምኩ። ፋሲካ መጣ፤ ዳግማይ ትንሣኤ መጣ። እማማ የሺ ቀኑን አልረሱትም፤ በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ሞላን ወደ ውጭ ጠሩት። በግድግዳው በኩል የሰማሁት የሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ሃምሳው ይውጣ፣ እማዬ። ከበዓለ ሃምሳ ወዲያ።»

በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ያቺ ሐኪም ካላንደሩ ላይ ያሳየችኝ ቀናት በዚያ መሐል ወደቁ። በዓለ ሃምሳ ሊወጣ ሲል የወር አበባዬ ቀረ። ሰዓት የነበርኩት ሴት ቀኔን አሳለፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰዓዳ ብቻ። ጉንጬን ይዛ፣ «ማሻአላህ በይ፤ ድምፅሽን ግን አታውጪ» አለችኝ።

ዘጠኙን ወር እየፈራሁ ነው የጨረስኩት። ሲያስለኝ፣ ሲያነጥሰኝ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ጽንሱ ወረደ ብዬ እጄን ከታች አደርጋለሁ። አንዴ ደም ጠብ ብሎ ጤና ጣቢያ ተኛሁ፤ ቆመ። ልጄ ተወለደች፤ ሴት ናት። እማማ የሺ ደጃፍ ላይ ተንበርክከው እልል አሉ፤ ከዚያ እጄን ስመው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ክርስትናዋ የተነሣች ዕለት ሰው ሲበተን ሞላን ጠየቅሁት። «ባይሆንስ ኖሮ?»

ልጅቱን ታቅፏት ነበር። «እማዬን እሺ ብያቸው ነበር» አለኝ። አልዋሸኝም። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አራተኛ ክፍል ናት። ትኩሳት ሲነካት እኔ ነኝ የምጠፋው፤ አንድ ናታ። እህቴ፣ እኔ የምልሽ ይህን ነው፤ ሐኪም ፊት ማፈር ይቅር። ባልሽ መቼ ቤት እንደሚያድር፣ መቼ እንደማያድር፣ ጾሙንም፣ ሥራውንም፣ የሚታወቅ ነው ብለሽ የምትተዪውን ሁሉ ተናገሪ። እኔን ያጠፋኝ የሁሉም ሰው ማወቅ ነው፤ ያወቁት አልጠየቁኝም።

ገበዙ አርጅተው ሲተዉ ምድቡ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ሰሞኑም እንደገና ከኔ ቀን ጋር ገጠመ። እማማ የሺ ዛሬም፣ «ሴት ልጅ መቅደስ አትገባ፤ ወንድሟን አስከትዪ እንጂ» ይሉኛል። የደሴ መንገድ፣ አልጋው፣ መግሉ፣ ያ ወለል፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ሰሞኑ ይደርሳል፤ ሞላ መስቀሉን ይዞ ይወጣል፤ እኔ በሩን እዘጋለሁ። ተራህን አስቀይር አላልኩትም። እሱም አንድ ቀን ላስቀይር ወይ አላለኝም። ረስቶት ይሁን፣ አውቆ ዝም ይበለኝ፣ አላውቅም። የምፈራው የሚጠይቀኝን ቀን ነው።